ለንደን ላይ ፔፐር ስፕሬይ ካልተፈቀደ ምን ልያዝ?

እባካችሁ ለንደን ያላችሁ እርዱኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ቁልፌ ላይ ትንሽ ፔፐር ስፕሬይ (አጥቂ ፊት ላይ የሚረጭ፣ ዓይን የሚያቃጥል ርጭት) አንጠልጥዬ ነው የምወጣው። አሁን ለእህቴ ሠርግ ለንደን እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እቀጥላለሁ።

በአሜሪካ ደንብ ስፕሬይ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ግን በድንገት እንዳይረጭ መቆለፊያ ካለው እስከ 118 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ይፈቀዳል፣ አየር መንገዱ ራሱ ካልከለከለ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ልከተው ስል እንግሊዝ ውስጥ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ ሆኖ አገኘሁት። መያዙ ራሱ ወንጀል ነው! ስለዚህ እሱ እዚሁ ይቀራል።

ጨንቆኝ ያለሁት ምትኩ ላይ ነው። ፒኑ ሲሳብ የሚጮኸው አላርም እዚያ ችግር የለውም። ግን ማታ ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤት ስትሄዱ ቢጮህ፣ ሰው ዞር ብሎ ያያል ወይስ የመኪና አላርም መስሎት ያልፋል? የምር የሞከረ ይንገረኝ። የብረት እስክሪብቶ ግዢ የሚሉኝም አሉ፣ እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ሰው ልጎዳበት ብዬ ከያዝኩት እዚያ አገር እስክሪብቶም መሣሪያ ነው። ወንድሜ ደግሞ ፊሽካ ይበቃሻል እያለ ይስቅብኛል።

አዲስ አበባስ? ሆቴልና ሞል በር ላይ ፈታሾቹ አላርሙን ሲያዩ ምን ይላሉ? ደግሞ ባትሪው የሚቀየረው ይሻላል ወይስ ቻርጅ የሚደረገው?