የዴስክቶፕ ሰዓቱ ቀጠሮ እያሳለፈ ነው፣ የቱ ጋ ነው ችግሩ?

ጥያቄ፦ ቀጠሮ_ያለፈው

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ባለው ላፕቶፕ ላይ የስክሪኑ ጥግ የሚቀመጥ፣ ቀጠሮም የሚያስታውስ የሰዓት ፕሮግራም አለ። ሰዓቱ ዝንፍ አይልም፤ የሚያስቸግረው ማስታወሻው ነው። ላፕቶፑ ተከድኖ ቆይቶ ሲከፈት ያለፉት ማስታወሻዎች በአንድ ጊዜ ይግተለተላሉ። ፕሮጀክተር ሲሰካ ደግሞ ጭራሽ ብቅ አይሉም። አንዳንዴ ጽሑፉ ይመጣል፣ ድምፅ ግን የለም። "በየወሩ በ31" ተብሎ የተሞላው ቀጠሮ አንዱን ወር ይጮኻል፣ ሌላውን ይዘላል። ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም ለውጥ አላመጣም። የትኛው የፕሮግራሙ፣ የትኛው የዊንዶውሱ ጣጣ ነው? የምታውቁ እስቲ አግዙ።

መልስ፦ ደቂቃ_ቆጣሪ

አራቱም ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ ለዚህ ነው ድጋሚ መጫኑ ያልረዳው። ትልቁን ልንገርዎ፣ የቀረውን ሌሎች ይጨምሩበታል።

ላፕቶፑ ስሊፕ ሲገባ የሰዓቱ ፕሮግራምም አብሮ ይተኛል። የ9:00 ማስታወሻ 9:00 ሲሞላ የሚያየው የለም። ክዳኑ 11:20 ላይ ሲከፈት ፕሮግራሙ ሰዓቱን ያይና ያለፈውን ሁሉ ባንዴ ያወጣዋል። ይህ የፕሮግራሙ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ያለፈውን የማያወጣ ቢሆን ይብስ ነበር። የዊንዶውስ የራሱ ክሎክ አፕ እንኳ የሚጮኸው ኮምፒውተሩ ነቅቶ ከሆነ ብቻ ነው።

መፍትሔው ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ትእዛዝ መስጠት ነው። መጀመሪያ ፈቃዱን ይክፈቱለት፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ። እዚያ ስሊፕ የሚለውን ሲዘረጉ "አላው ዌክ ታይመርስ" ይመጣል። ለባትሪና ለቻርጀር ለየብቻ ነው የሚሞላው፤ "ኢኔብል" ያድርጉት። "ኢምፖርታንት ዌክ ታይመርስ ኦንሊ" የሚለው አይበቃም፣ የእርስዎን ቀጠሮ ከአስፈላጊ አይቆጥረውም።

ቀጥሎ ታስክ ስኬጁለርን (በተባለው ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ከፍተው "ክሪኤት ታስክ" ይበሉ። "ክሪኤት ቤዚክ ታስክ" አይደለም፤ እሱ ሲሞላ የመቀስቀሻው ምርጫ አይቀርብም። ጄኔራል ላይ "ረን ኦንሊ ዌን ዩዘር ኢዝ ሎግድ ኦን" እንዳለ ይተዉት፤ ከተቀየረ ፕሮግራሙ ከጀርባ ይነሳና መስኮቱ አይታይም። ትሪገር ላይ ቀንና ሰዓቱን ይሙሉ። አክሽን ላይ የሰዓቱን ፕሮግራም ይምረጡ፤ ሁለት ጊዜ ሲነሳ ሁለት ሰዓት የሚደቅን ዓይነት ከሆነ ኖትፓድን ይስጡት፤ የሚፈለገው መንቃቱ ብቻ ነው። ኮንዲሽንስ ላይ "ዌክ ዘ ኮምፒውተር ቱ ረን ዚስ ታስክ" ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ቻርጀር ላይ ካልሆነ አትጀምር የሚለውን ምልክት ደግሞ ያንሱ፤ እሱ ከመጀመሪያው ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትሪገሩ ላይ ነው። "ቀደም ብሎ ይንቃ" ብለው ማስታወሻው ከሚጮኽበት 5 ደቂቃ በፊት ያደርጉታል። ዊንዶውስ ግን በታይመር ነቅቶ ሰው ካልነካው አብዛኛውን ጊዜ በ2 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። ማስታወሻው ሳይደርስ ማሽኑ አንቀላፋ ማለት ነው። ልዩነቱን 1 ደቂቃ ያድርጉት። በታይመር ሲነቃ ስክሪኑም እንደጠፋ ሊቆይ ስለሚችል የሚያድንዎት ድምፁ ነው።

መልስ፦ ጸጥታ_የለም

ፕሮጀክተሩን በተመለከተ። ማስታወሻ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ የራሱን መስኮት ይከፍታል፣ ሌላው በዊንዶውስ ኖቲፊኬሽን በኩል ይልካል። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ "ዱ ኖት ዲስተርብ" በራሱ የሚበራባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፦ ስክሪን ወደ ሌላ ሲባዛ፣ ጌም ሲከፈት፣ አንድ አፕ ሙሉ ስክሪን ሲይዝ። ፕሮጀክተር ሲሰካ የመጀመሪያው ይነሳል፣ ማስታወሻውም ድምፁን አጥፍቶ ኖቲፊኬሽን ሴንተር ውስጥ ይደበቃል። ምልክቱን ከማንሳት ይልቅ "ሴት ፕራዮሪቲ ኖቲፊኬሽንስ" ገብተው የሰዓቱን ፕሮግራም ብቻ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ሰው ፊት የግል መልእክት ሁሉ ይዘረገፋል። ፕሮግራሙ "ኦልዌይስ ኦን ቶፕ" የሚል የራሱ መስኮት ካለው እሱን መምረጥ ከሁሉም ይሻላል።

ድምፁ ላይ ሦስት ቦታ ይዩ። ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ቮልዩም ሚክሰር ውስጥ የፕሮግራሙ ድምፅ ለብቻው ዜሮ ሆኖ ይሆናል። እዚያው ላይ ድምፁ ወደየት እንደሚወጣ ይታያል፤ ስፒከር በሌለው ሞኒተር ወይም ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ እየጮኸ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ለማስታወሻው የተመረጠው የድምፅ ፋይል ከዳውንሎድስ ፎልደር ተነስቶ ከሆነ ብዙ ፕሮግራሞች ስህተት ሳይናገሩ ዝም ይላሉ። ፋይሉን ማንም የማያጸዳው ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው እንደገና ያመላክቱት።

መልስ፦ በ31_አትቅጠሩኝ

በፈረንጆቹ አቆጣጠር 31 ያላቸው ወራት 7 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ማስታወሻው በዓመት 5 ጊዜ ይዘለላል። "የወሩ መጨረሻ ቀን" የሚል ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለ ደግሞ በ28 አድርገው "ወሩ ሊያልቅ ነው" ብለው ይጻፉበት። በ29ና በ30 የተሞላም ፌብሩዋሪ ላይ ያው ዕጣ ይገጥመዋል።

ቀጠሮ_ያለፈው

እናመሰግናለን፣ የድምፁም የፕሮጀክተሩም ተፈታ። ግን ስሊፕ ስር "አላው ዌክ ታይመርስ" የሚባል ነገር አይታይም። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ ደቂቃ_ቆጣሪ

እንግዲያው ላፕቶፑ ሞደርን ስታንድባይ የሚባለውን አዲሱን አተኛኘት የሚጠቀም ሳይሆን አይቀርም፤ በእነሱ ላይ ያ ምርጫ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ቻርጀር ላይ ሲሆን ጨርሶ አያስተኙት። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ "ቹዝ ዋት ክሎዚንግ ዘ ሊድ ደዝ" ገብተው በ"ፕለግድ ኢን" በኩል "ዱ ናቲንግ" ያድርጉ፣ የስሊፑን ጊዜም "ኔቨር"። ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ይጥፋ፣ ፕሮግራሙ ግን ይሠራል። ቻርጀሩን ሳይነቅሉ ከድነው ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት፣ ይግላል።

መልስ፦ ጸጥታ_የለም

የላይኛው ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ልክ ነው። ይዘውት የሚዞሩት ከሆነ ግን ለአንድ ማስታወሻ ብሎ ማሽን ማንቃት አልስማማበትም። ፕሮግራሙ ኤክስፖርት ካለው ቀጠሮዎቹን በአይሲኤስ (ካሌንደሮች በሚለዋወጡበት) ፋይል አውጥተው ስልክ ላይ ባለ ካሌንደር ያስገቡ። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የገባው ቅጂ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቱን ቢያዛውሩት ስልኩ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። "ከ15 ደቂቃ በፊት" የሚለው ማስጠንቀቂያም በአንዳንድ ካሌንደሮች ሲገባ ይጠፋል፤ ቀኑና ርእሱ ብቻ ይተርፋል። አንዱን ቀጠሮ ከፍተው ማስጠንቀቂያው መኖሩን ሳያዩ ሌሎቹን አይመኑ።

መልስ፦ በ31_አትቅጠሩኝ

አንድ የተረሳ፦ ቀይዋን ኤክስ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ሰዓቱ አጠገብ ወዳለችው ቀስት ገብቶ ይደበቃል ወይስ ይዘጋል? የሚዘጋ ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ ዋጋ የለውም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርታፕ አፕስ ላይም "ኢኔብልድ" መሆኑን ይዩ፤ "ዲሴብልድ" ከሆነ ማሽኑ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር በእጅ ካልተከፈተ ማስታወሻ የለም።