ሳን ትሮፔ በኦገስት፣ ከእማዬና ከሁለት ልጆች ጋር፣ በ2,500 ዩሮ ይቻላል?

የማክዳ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ፍራንክፈርት ነው። ዘንድሮ ከተጋባን 10 ዓመት ይሞላናል፣ ያኔ ስራም ወረቀትም እያሯሯጠን ጫጉላ ምናምን ሳናይ ነው ኑሮ የጀመርነው፣ እና አሁን ባለቤቴ የፈለግሽበት እንሂድ ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው ሳን ትሮፔ ነው፣ ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው የባህር ዳር ከተማ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት የተሰቀለ ካላንደር ላይ ወደቡንና ያን ቢጫ የደወል ቤት ሳይ ነው ያደግኩት፣ እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም።

ችግሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት፣ የጀርመን ቪዛ ነው ያላት፣ እስከ ሴፕቴምበር 20 ይሰራል፣ ጥያት መሄድ አልችልም አልፈልግምም። ልጆቹ 5 እና 3 ዓመታቸው ነው፣ ኪንደርጋርተን ስለሆኑ ፈቃድ አያስቸግርም። ያሰብነው ከኦገስት 10 እስከ 16 ነው፣ ባለን 2,500 ዩሮ ውስጥ የአውሮፕላኑም አለበት። ሆቴል ሳይ ግን ደነገጥኩ፣ አንዳንዱ የአንድ ሌሊቱ ብቻ የኛን ግማሽ ይበላል። ደግሞ እማዬ ፍልሰታን ትጾማለች፣ ምን ትበላለች? ባህሩ ዳር የሰዉ አለባበስስ ያሳቅቃት ይሆን? የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ይቅርብሽ ካላችሁም ምክንያቱን።

ኒስ የከረመች፦

እህቴ እንኳን ለ10 ዓመታችሁ አደረሳችሁ። እኔ ኒስ ከመጣሁ 19 ዓመቴ ነው፣ ብዙውን ሆቴል ቤት ነው የሰራሁት፣ ስለዚህ የምነግርሽ ካየሁት ነው። ይቅርብሽ አልልሽም፣ ሂጂ። ግን ቀኑን ቀይሪ፣ ማደሪያሽንም ሳን ትሮፔ ውስጥ አታድርጊ።

ቀኑን ያልኩሽ ኦገስት 15 ፈረንሳይ ውስጥ የማርያም በዓል ነው፣ መንግስት መስሪያ ቤቱም ዝግ ነው፣ ያ ሳምንት ሀገሩ ሁሉ ወደ ባህር የሚወርድበት ነው። ሳን ትሮፔ ልሳነ ምድር ላይ ነው ያለችው፣ ባቡር አይደርስባትም፣ የመኪናው መግቢያ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ በኦገስት ሰዓታት ቆመሽ ትውያለሽ፣ በሁለት ህጻናትና በእናትሽ ደግሞ አስቢው። ልጆቹ ትምህርት ካልጀመሩ ሴፕቴምበር ሁለተኛው ሳምንት ላይ አድርጊው፣ ፈረንሳዮቹ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተው ሄደዋል፣ ባህሩ በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ገና ለብ እንዳለ ነው፣ የቤት ኪራዩም ይወርዳል። የወሩ መጨረሻ ላይ ግን እንዳታደርሺው፣ ያኔ ሳን ትሮፔ ላይ ትልቅ የጀልባ ውድድር ይጀምርና ዋጋው ተመልሶ ይሰቀላል። ፍልሰታም ኦገስት 22 ይፈታል፣ እናትሽ በነጻነት ይበላሉ፣ እንቁጣጣሽንም ባህር ዳር ታውላቸዋለሽ።

ማደሪያ አቅራቢያዋ ካሉት ከተሞች ሳን ራፋኤል ወይ ሳንት ማክሲም ያዢ። ከፍራንክፈርት ኒስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ኒስ ሳን ኦጉስታን የሚባል ባቡር ጣቢያ አለ፣ ከዛ ወደ ሳን ራፋኤል አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ባህሩን በግራ እያያችሁ። ከሳን ራፋኤል ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ሳን ትሮፔ ወደቡ ላይ ትወርዳላችሁ። ሳንት ማክሲም ከሆናችሁ ደግሞ ባህረ ሰላጤውን ተሻግሮ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ግን እዛም ባቡር የለም፣ ከሳን ራፋኤል አውቶብስ መያዝ አለባችሁ። ካላንደሩ ላይ ያየሽው የደወል ቤት በጀልባ ስትገቢ ነው ደህና አድርጎ የሚታየው።

ፓስፖርታቸውን ግን ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ያስይዟቸው። ቪዛው ሸንገን ስለሆነ ፈረንሳይ ሌላ አይጠየቁም፣ ነገር ግን ባቡር ላይ ፖሊስ ወረቀት ያያል፣ ስትመለሱም ጀርመን ሊያዩባችሁ ይችላሉ፣ የናንተንም የመኖሪያ ካርድ እንዳትረሱ።

ዳኜ ከጎተንበርግ፦

እትዬ ባሉት ብዙውን እስማማለሁ ግን በጀልባው ነገር አልስማማም። እኛ አምና ሦስት ልጆች ይዘን ሄደን ነበር፣ ፓምፔሎን የሚባለው ትልቁ አሸዋ፣ ሰው ሳን ትሮፔ ቢች ብሎ የሚያወራለት ማለት ነው፣ እሱ እኮ ከተማዋ ውስጥ አይደለም፣ ራማቱዌል በሚባለው ቀበሌ ስር ነው ያለው፣ ከወደቡ ብዙ ኪሎሜትር ይርቃል፣ ከጀልባ ወርደሽ የልጅ ጋሪ እየገፋሽ የምትሄጂበት አይደለም። መኪና ተከራይተሽ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት መውጣት ነው ያለብሽ፣ እኛ እንደዛ አድርገን ሰልፍ የሚባል አላየንም፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሳይደክሙ ተመለስን።

እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ሳናውቅ አንዱ የግል ቦታ ገብተን ለሁለት አልጋና ለጃንጥላ 110 ዩሮ ከፈልን፣ ምሳ ሳይጨምር! በኋላ ነው ያወቅነው፣ በፈረንሳይ ህግ የባህር ዳርቻው የህዝብ ነው፣ ከተፈጥሮ ዳርቻው ቢያንስ 80 ፐርሰንቱ ነጻ መሆን አለበት፣ ፓምፔሎንም ላይ ረጅም ረጅም ነጻ ቦታ አለ። ጃንጥላ ከሱፐርማርኬት ገዝተሽ ምሳሽን ቋጥረሽ መሄድ ነው። ቤት ኪራይ ሳን ራፋኤል ባለ ሁለት መኝታ ለ6 ሌሊት 780 ነው የከፈልነው፣ ሴፕቴምበር ነበር።

ኒስ የከረመች፦

ዳኜ ወንድሜ ስለ ርቀቱ እውነትህን ነው፣ መጥቀስ ነበረብኝ። ግን ለሷ መኪና ኪራይ፣ ሁለት የልጅ መቀመጫ፣ ማቆሚያ ሲደመር ብሯን ይጨርስባታል ብዬ ፈራሁ። ለልጆቹ አሸዋ ከሆነ የተፈለገው ሳንት ማክሲምም ሳን ራፋኤልም ደጃፋቸው ላይ አሸዋ አለ፣ ኒስ ነው ጠጠር የሆነው። ፓምፔሎን ባትደርስ ሳን ትሮፔን አላየችም አይባልም።

ስለ አለባበሱ እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጡት ገልጦ መተኛት እዛ የተለመደ ነው፣ በተለይ ፓምፔሎን። እናትሽን አስቀድመሽ አጫውቻቸው፣ ድንገት ሲያዩት ነው የሚከብደው። የኔም እናት መጥተው ነበር፣ ላ ፖንሽ ወሰድኳቸው፣ እዛው ሳን ትሮፔ ያለ የድሮ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ ትንሽዬ ዳርቻ አለችው፣ ጠዋት ጠዋት ሰው አይበዛም፣ ነጠላቸውን ለብሰው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ከዛ እግዚአብሔር ይመስገን ባህር ነካሁ አሉኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

ሳን ትሮፔ የምትሻገሩበትን ቀን ማክሰኞ ወይ ቅዳሜ አድርጉት፣ ጠዋት ፕላስ ዴ ሊስ የሚባለው አደባባይ ላይ ገበያ አለ፣ ዛፎቹ ጥላ ናቸው፣ ፍራፍሬው ወይራው ጨርቃጨርቁ እዛ ነው። ላኖንሲያድ ሙዚየምም ወደቡ ጋ ነው፣ የድሮ ጸሎት ቤት የነበረ፣ ሲኛክ የሚባለው ሰዓሊ በ1892 በጀልባ መጥቶ ከቀረ በኋላ ሌሎቹን ሰዓሊዎች የሳበበት ዘመን ስዕሎች አሉበት። ሰው በ1956 በወጣው የተዋናይቷ የብሪጂት ባርዶ ፊልም ነው የታወቀችው ይላል፣ ሰዓሊዎቹ ግን ቀድመው ነው ያወቋት።

የማክዳ እናት፦

እትዬ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ዳኜም አመሰግናለሁ፣ ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። ሴፕቴምበር 8 ሄደን 14 እንመለሳለን፣ ሳን ራፋኤል፣ ያለ መኪና። ቲኬቱ ለአምስታችን 690 አካባቢ ነው የሚያሳየኝ፣ ቤቱ በዳኜ ዋጋ ከተገኘ አንድ ሺህ ያህል ለምግብና ለጀልባ ይተርፈናል። እማዬ ረቡዕና አርብንም ስለምትጾም የሚበላ ነገር ካወቁ ይጻፉልኝ። ስለ አለባበሱም ነገርኳት፣ እነሱ በሀገራቸው ናቸው እኔ በነጠላዬ ብላ ቁጭ አለች።

ኒስ የከረመች፦

ተባረኪ፣ ጥሩ ወስነሻል። ለጾሙ ኒስ ስታርፉ ሶካ አብሏቸው፣ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ ትልቅ መጥበሻ ላይ የሚጋገር ነው፣ እንቁላል ወተት የለውም፣ ትኩሱን በቁንዶ በርበሬ። የኔ እናት የሽሮ ቂጣ ነው ያሉት። ታፕናድ የሚባለው የወይራ ድቁስ ግን ዓሣ አለበትና ጠይቂ። ቅዳሜ ደግሞ ታርት ትሮፔዚየን ቅመሱ፣ ለስላሳ ዳቦ መሃሉ በክሬም የተሞላ፣ በ1950ዎቹ አንድ ፖላንዳዊ ዳቦ ጋጋሪ ነው እዛው የጀመረው።

እና ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። ከተማዋ የተጠራችው በሰማዕት ስም ነው፣ ቶርፔስ ይባላል፣ በሮማው ንጉሥ በኔሮን ዘመን ጣሊያን ውስጥ ፒዛ በምትባለው ከተማ አንገቱን ተቀልቶ አካሉን ከውሻና ከአውራ ዶሮ ጋር በጀልባ አድርገው ባህር ላይ ለቀቁት፣ ጀልባዋ እዛ ዳርቻ ላይ አረፈች ይላሉ። በየዓመቱ ከሜይ 16 እስከ 18 ምስሉን ተሸክመው ከተማዋን ይዞራሉ። ያ ቢጫ የደወል ቤት ያለበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የኛ ሃይማኖት ባይሆንም እናቴ ገብተው ቆመው ጸለዩ፣ ከጀልባው ማረፊያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ለጋሪው ቀስ በሉ።