ባራክ ኦባማ በኢሊኖይ ሴኔት ስለነበራቸው የምርጫ ታሪክ ማብራሪያ እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን መጽሔት ኦባማ የግዛት ሕግ አውጪ ስለነበሩበት ዘመን እየጻፍኩ ነው። በ1996፣ በ1998 እና በ2002 ተመርጠው እስከ 2004 ማገልገላቸውን አረጋግጫለሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በ2000 በሰፊ ልዩነት መሸነፋቸውንም አንብቤአለሁ። ተሸንፈው ከነበረ በወንበራቸው እንዴት ቀጠሉ? በ1996ስ ከእርሳቸው በፊት ወንበሩን ይዘው የነበሩትን ሴናተር አሊስ ፓልመርን በድምፅ አሸነፉ ብል ትክክል ነው?

ከቺካጎ፦
የ2000ው ሽንፈት የሌላ ወንበር፣ ማለትም የአገር አቀፉ ሕግ አውጪ የኮንግረስ ወንበር ነው። ኦባማ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) የኮንግረስ አባሉን ቦቢ ረሽን ተገዳድረው፣ ረሽ 61 በመቶ ገደማ ሲያገኙ እርሳቸው ያገኙት 30 በመቶ ገደማ ነበር። በኢሊኖይ የአንድ ሴናተር ወንበር በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለአራት ዓመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ዓመት ለምርጫ ይቀርባል። ኦባማ በ1996 ለሁለት ዓመት፣ በ1998 ደግሞ ለአራት ዓመት ስለተመረጡ በ2000 የግዛት ወንበራቸው ለውድድር አልቀረበም፤ ስለዚህ ቢሸነፉም ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጥለዋል።

የሕግ ተማሪ፦
ፓልመርን በተመለከተ «በድምፅ አሸነፉ» የሚለውን ባይጽፉት ይሻላል። ፓልመር በ1995 ለኮንግረስ ለመወዳደር ወስነው ወንበሩን ለኦባማ ትተው ነበር፤ በዚያ ውድድር በጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ሲሸነፉ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ለቀድሞ ወንበራቸው ተመዘገቡ። ለዕጩነት ያስፈልግ የነበረው 757 የመራጮች ፊርማ ሲሆን እርሳቸው 1,580 አስገብተዋል። የኦባማ ሰዎች ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ከመራጮች መዝገብ ጋር አመሳክረው ተቃውሞ ሲያቀርቡ፣ ብዙዎቹ ተቀባይነት እንደማይኖራቸው ስለታወቀ ፓልመር ራሳቸውን አገለሉ። ሌሎቹም ተፎካካሪዎች በተመሳሳይ መንገድ ስለወጡ ኦባማ ፕራይመሪውን ብቻቸውን አለፉ። አሠራሩ ሕጋዊ ነው፤ ሆኖም መራጩን አማራጭ ያሳጣ በመሆኑ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ለአንባቢ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አርታዒ፦
ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጡ ከሆነ ይጠንቀቁ። የ1996ቱ ፕራይመሪ የተካሄደው መጋቢት 10 ቀን 1988 ሲሆን አጠቃላዩ ምርጫ ጥቅምት 26 ቀን 1989 ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ማስፈር ስህተት ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሴኔት ውስጥ ስለሠሩት ሥራስ የትኛውን ላስቀድም?

ከቺካጎ፦
ከ2003 ይጀምሩ። እስከዚያ ድረስ ሴኔቱን ይመሩ የነበሩት ሪፐብሊካኖች ስለሆኑ፣ የአናሳው ፓርቲ አባል ያቀረበው ረቂቅ በቀላሉ አያልፍም ነበር። ዴሞክራቶች ብልጫውን ሲይዙ ኦባማ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኑ፤ በዚያው ዓመትም ፖሊስ በግድያ ወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎችን ሲመረምር ቃላቸው እንዲቀረጽ የሚያስገድደውን ሕግ አሳለፉ። ንጹሐን ሰዎች ሞት በተፈረደባቸው ግዛት ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ብሆን የጽሑፉን ግማሽ ለእሱ እሰጠው ነበር።

የሕግ ተማሪ፦
ተቺዎቻቸው ብዙ ጊዜ የሚያነሱትን «ተገኝቻለሁ» የሚለውን ድምፅም ያስረዱ። ሴናተሮቹ ከድጋፍና ከተቃውሞ ሌላ ለዚህ የሚሆን ቢጫ ቁልፍ አላቸው። ረቂቅ ለማለፍ ከ59 አባላት የ30ዎቹ ድጋፍ ስለሚያስፈልገው፣ ቢጫውን መጫን በውጤቱ ከተቃውሞ አይለይም።