የጆርዳን 45 ነጥብ ሒሳቡ አልመጣልኝም፤ እርዱኝ

የቅዳሜ አሰልጣኝ (ጠያቂ)
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ አጫውታለሁ። አሰልጣኝ ይሉኛል እንጂ ወረቀት የለኝም። ባለፈው ሜዳው በዝናብ ሲረጥብ ልጆቹን ክፍል አስገብቼ ቦክስ ስኮር (የእያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር የሚሰፍርበት የጨዋታ ሰንጠረዥ) እንዴት እንደሚነበብ ላሳያቸው አልኩ። የመረጥኩት በፈረንጆቹ የ1998ቱን የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ነው። ቺካጎ ቡልስ ዩታ ጃዝን 87 ለ 86 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደበትን።

የማይክል ጆርዳንን መስመር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከሜዳ 15 ከ35 (35 ወርውሮ 15 አገባ ማለት ነው)፣ ሶስት ነጥብ 3 ከ7፣ ፍሪ ስሮው (ባለ አንድ ነጥብ የቅጣት ውርወራ) 12 ከ15፣ ድምር 45። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «15 በ2 ሲባዛ 30፣ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ በዚያ ላይ 12። 51 ነው የሚመጣው» አለችኝ። ብደምረው እውነትም 51! ላብ በላብ ሆንኩ።

ሌላም አለ። ያስቆጠሩትን ስደምር ጆርዳን 45፣ ቶኒ ኩኮች 15፣ ስኮቲ ፒፐን 8፣ ሮን ሃርፐር 8፣ ዴኒስ ሮድማን 7። 83 ነው። 4 ነጥብ የት ገባች? እስከ ቅዳሜ ድረሱልኝ።

ሒሳብ ይቀናኛል
ወንድሜ፣ ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው። የሳትከው አንድ ነገር ነው። «ከሜዳ» የሚለው ዓምድ ሶስት ነጥቦቹንም ይይዛል። 15ቱ ውስጥ 3ቱ ባለ ሶስት ናቸው። ስለዚህ ባለ ሁለት የሆኑት 12 ብቻ ናቸው።

12 በ2፣ 24። 3 በ3፣ 9። ፍሪ ስሮው 12። ድምሩ 45።

አቋራጩ ደግሞ ይኸው፦ ከሜዳ የገባውን ሁሉ በ2 አባዛና ለእያንዳንዱ ባለ ሶስት 1 ጨምር። 30 ሲደመር 3 ሲደመር 12። ሙከራውም እንደዚያው ነው። ከ35ቱ 7ቱ ከሩቅ ስለሆኑ ባለ ሁለቱ 12 ከ28 ነው። ልጅቷን ግን አመስግናት፤ ያልገባትን ዝም ብላ አላሳለፈችም።

ተቀያሪ ወንበር
4ቷ ነጥብ እኛ ተቀያሪዎች ጋ ናት 😄 ጀድ ቢውክለር 2፣ ቢል ዌኒንግተን 2። 83 ሲደመር 4፣ 87። ዋንጫው የተበላው በ1 ነጥብ ልዩነት ነው። ከሁለቱ የአንዱ ኳስ ባትገባ ጆርዳን የፈለገውን ቢያስቆጥር ምን ይሆን ነበር? ይህን ለልጆቹ ንገርልኝ። ወንበር ላይ ለሚቀመጡት በተለይ።

የቅዳሜ አሰልጣኝ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ተገላገልኩ። አንድ ልጨምር። 15 ከ35 ማለት 43 በመቶ አካባቢ ነው። ከግማሽ በላይ ስቶ እንዴት ነው እንዲህ የሚወደሰው?

ሒሳብ ይቀናኛል
ፍሪ ስሮውን ስለተውክ ነው። 15 ጊዜ መስመር ላይ ቆሞ 12 አግብቷል። ያንን የሚያካትት ስሌት አለ። የፍሪ ስሮውን ሙከራ በ0.44 አባዛ፣ 6.6። በ35 ላይ ደምረው፣ 41.6። እጥፉ 83.2። 45ን ለዚህ አካፍል፣ 54 በመቶ ግድም ይሰጥሃል። 43 ሲባል የሚመስለውን ያህል አይከፋም።

ግራ እጅ
ኧረ ለ13 ዓመት ልጅ 0.44 ምናምን አትበሉ! ነገ ኳሱን ትተው ይሄዳሉ። «በ35 ዓመቱ 35 ጊዜ ወረወረ» በላቸው፣ በዚያው ያስታውሱታል። ደግሞ ፒፐን ሙሉ ጨዋታ ተጫውቶ 8 ነጥብ ብቻ? ያሳፍራል።

የድሮ ተመልካች
ልጄ፣ ፒፐን ሙሉ ጨዋታ አልተጫወተም። ጀርባውን አሞት 26 ደቂቃ ነው ሜዳ ላይ የቆየው። ነጥብ ከማየትህ በፊት የደቂቃውን ዓምድ እይ። ጆርዳን 44 ደቂቃ ተጫውቷል። 45 ነጥቡ የተሸከመው የፒፐንን ክፍተት ጭምር ነው።

አሰልጣኝ፣ ሰሌዳው ላይ የኳርተሩንም (የጨዋታውን አራት ክፍሎች) ውጤት ጻፍበት። ቺካጎ 22፣ 23፣ 16፣ 26። ዩታ 25፣ 24፣ 17፣ 20። ሶስቱን ኳርተር ዩታ ነው የበለጠው፤ በአራተኛው ተገለበጠ። ከ26ቱ 16ቱ የጆርዳን ናቸው።

የጃዝ ደጋፊ (አዎ፣ አለን)
ጆርዳን 1 ሪባውንድ (ከተሳተ ውርወራ የተያዘ ኳስ)፣ 1 አሲስት (ለጎል ያበቃ ቅብብል)። ካርል ማሎን 31 ነጥብ፣ 11 ሪባውንድ፣ 7 አሲስት። ወረቀቱን ብቻ ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት የጨዋታው ኮከብ ማሎን ነው ይላል።

ቦክስ ስኮር ላይ የሌለ ነገርም ልንገራችሁ። የሃዋርድ አይስሊ ባለ ሶስት ነጥብ በሁለተኛው ኳርተር «24 ሰከንዱ (ለመወርወር የሚፈቀደው ጊዜ) አልቋል» ተብላ ተሰረዘች። ምስሉ ላይ ግን ኳሷ ቀድማ ከእጁ ወጥታለች። በአራተኛው ደግሞ የሃርፐር ኳስ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ተወርውራ ጸደቀች። ያኔ ዳኛ ቪዲዮ አይቶ የሚወስንበት አሠራር አልነበረም። ከሃርፐር 8 ነጥብ 2ቷ ይህች ናት። በ1 ነጥብ ለተሸነፈ ሰው እስከ ዛሬ ታንገበግባለች።

የድሮ ተመልካች
ስለ ማሎን አልከራከርም። ግን ጆርዳን 4 ስቲል (ከተጋጣሚ የነጠቀው ኳስ) አለው፣ አንዷን ከማን እንደነጠቀ ታውቃለህ። ሰንጠረዡ አራቱንም እኩል ይቆጥራቸዋል፣ መቼ እንደሆኑ አይነግርህም። ስለዚህ አሰልጣኝ፣ የመጨረሻውን ደቂቃ ለብቻው አሳያቸው፦

41.9 ሰከንድ ሲቀር ጆን ስቶክተን ባለ ሶስት አገባ፣ ዩታ 86 ለ 83።
37.1 ሲቀር ጆርዳን ሰብሮ ገብቶ አስቆጠረ፣ 86 ለ 85።
ከዚያ ማሎን ቅርጫቱ ስር ኳስ ሲቀበል ጆርዳን ከኋላ መጥቶ ነጠቀው።
5.2 ሲቀር ወረወረ፣ ገባ፣ 87 ለ 86።
ስቶክተን በመጨረሻ ሞከረ፣ ሳተ።

በቦክስ ስኮር ይህ ሁሉ የጆርዳን ሁለት ኳስና አንድ ስቲል ነው፣ አለቀ።

የቅዳሜ አሰልጣኝ
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እንዲያው ቀኑን ሰኔ 8፣ 1990 ብዬ ነበር የጻፍኩት። አንድ ልጅ ከስልኩ አይቶ ሰኔ 7 ነው አለኝ። የትኛው ነው?

ተቀያሪ ወንበር
ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ እሁድ ምሽት ጁን 14፣ 1998 ነበር፤ በእኛ ሰኔ 7። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሌሊቱን ተሻግሮ ሰኞ ሰኔ 8 ገብቷል። ጨዋታው የተደረገው እዚያ ስለሆነ 7 ብለህ ጻፍ።

የቅዳሜ አሰልጣኝ
በቃ፣ 8ን ሰርዤ 7 አደርጋለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ወጥታ 45ን የምትደምረው 51 ያለችው ልጅ ናት። ዝናብ ካልጣለ ግን ሜዳ ነን።