ታክሲ ከሚጨርስበት አለፍ ብሎ ምን አለ?

ኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከደሴ መጥተው እኔ ጋ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። አንድነት ፓርክ ወሰድኳቸው፣ እንጦጦ ወሰድኳቸው፣ ወዳጅነት ፓርክም ገባን። አንበሳውን አይተው ዝም። አበባውን አይተው ዝም። ማታ ቡና እየጠጣን «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ትናንት የተሠራ ነው። አሮጌ ነገር የላችሁም?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ከደረሰኝ ወዲህ የማውቀው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። እስቲ ከከተማው ዳር ዳር፣ ብዙ ያልተወራለት፣ ለየት ያለ ነገር ጠቁሙኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወሬያቸው ግን ደህና ነው። ሙዚየም አትበሉኝ፤ ሉሲን ሁለቴ አይተዋታል።

የአቃቂ ልጅ፦
እህቴ፣ አፍንጫሽ ሥር ያለውን ትተሽ ነው እንጦጦ የወጣሽው? አባ ሳሙኤል ውሰጃቸው እንጂ! በ1930ዎቹ የተሠራ ግድብ ነው። ከሀገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ እሱ ነው። ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ሲሰሙት ያስቃል፤ ያኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ብዙ ዓመት ቆሞ ከርሞ ቻይናዎች አድሰውታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐይቁ ይሸታል። እምቦጭ ወርሶታል። ሽቶ ተቀብታችሁ አትሂዱ፣ ከንቱ ድካም ነው።

ስትመለሱ በድሮው ባቡር ጣቢያ ሰፈር እለፉ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው፤ እኛ የደረስንበት እርጅናው ላይ ነው። ልጆች ሳለን ሐዲዱ ላይ ቆርኪ እንደረድራለን። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ልሙጥ ሆኖ ተጠፍጥፎ፣ ገና እየፈጀን እናነሣዋለን። በምስማር መሐሉን ሁለት ቦታ በስተን ክር እናሾልካለን። ክሩን አክርረን ሳብ ለቀቅ ስናደርገው ብርርር እያለ ይሽከረከራል። ጠርዙ ምላጭ ነው። አውራ ጣቴ ላይ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ።

ቡራዩ፦
ገፈርሳ። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ነው። በጠዋት ከሄዳችሁ ጋጋኖውና ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ሣሩ ላይ ሲለቅሙ ታያላችሁ። ሁለቱም ከእኛና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የሉም። ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥበቃውን አስፈቅዱ።

ኮተቤ ሰፈር፦
አሮጌ ከተባለማ ዋሻ ሚካኤል ነው። ከየካ በላይ፣ ተራራው ላይ። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው የለም፤ ቀና ስትይ የሚታይሽ ሰማይ ነው። ሰው ላሊበላን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል፣ እዚህ በእግር የሚደረሰውን ግን የሰፈሬ ልጆች እንኳ አላዩትም። የአካባቢው አባቶች ከአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ነው ይላሉ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደዚህ ያቀርቡታል። አባትሽ መምህር ከሆኑ ክርክሩ ይጥማቸዋል። ክረምት አይሆንም፣ ውስጡ ውሃ ይተኛበታል። ዳገቱም ቀላል አይደለም። ከዘራ ይያዙና አረፍ እያላችሁ ውጡ።

ጀሞ 3፦
ራቅ ማለት ከቻላችሁ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መልካ ቁንጥሬ። ዩኔስኮ ከባልጪት ጋር አድርጎ በሐምሌ 2016 ዓ.ም መዝግቦታል። ሰው የሚሄደው አዋሽ ዳር ላለው የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ባልጪት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ያ ጥቁር፣ መስታወት የመሰለው፣ ቆዳ ፋቂ የሚፍቅበት ባልጩት! ፀሐይ ሲያርፍበት ሜዳው ሙሉ ጠርሙስ የተከሰከሰበት ነው የሚመስለው። ልጄ አንዱን ሰርቆ ኪሱ ከተተ። መኪና ልንገባ ስንል ኪሱን ቀዶ ዱብ አለ። አንስተን መለስነው።

ኮዬ ፈጬ፦
ተባረኩ። ትናንት አባ ሳሙኤል ነበርን። ሽታው እንደተባለው ነው። አባቴ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ከዚያ በከዘራቸው አፈሩ ላይ ካርታ ሣሉልኝ። ከላይ ትንሹ አቃቂ፣ እሱ ላይ ገፈርሳ። ወዲህ ትልቁ አቃቂ፣ በሱ በኩል ለገዳዲ። ሁለቱም ወርደው የሚገናኙት እኛ የቆምንበት ሐይቅ ውስጥ ነው። «አየሽ፣ ንጹሑን ከላይ ትቀዳላችሁ፣ እጣቢውን እዚህ ታጠራቅማላችሁ» አሉኝ። ልክ እኔ እንዳፈሰስኩት! ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚህ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

የአቃቂ ልጅ፣ የቆርኪውን ነገር ብነግራቸው ሳቁ። ደሴ ባቡር ስለሌለ እነሱ በድንጋይ ነበር የሚጠፈጥፉት። ቤት እንደገባን ልጄን ሱቅ ልከው ቆርኪ አስለቀሙ። አሁን አያትና የልጅ ልጅ በረንዳ ላይ እየቀጠቀጡ ነው፤ የታች ቤቷ ጎረቤቴ ሁለቴ ወጥታ ተቆጥታለች።

ዋሻ ሚካኤል ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ኮተቤ፣ መንገዱ በየት በኩል ይሻላል?

ኮተቤ ሰፈር፦
በጽሑፍ አስረድቼሽ አይገባሽም። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት የካ ሚካኤል በር ላይ ልጠብቃችሁ። እኔም አባቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ጉልበታቸው እኩያ ነው።