የአማርኛ ስሞች ኤችሌጀር ላይ፦ ባላንስ ይሠራል፣ ኢንካምስቴትመንት ግን ባዶ ነው

የከፊራዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴን ሱቅ ሂሳብ ከደብተር ወደ ኤችሌጀር እያዛወርኩ ነው፤ ሂሳብን በተራ ጽሑፍ ፋይል ይዞ በትእዛዝ ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም ማለቴ ነው። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ውስጥ ሽርጥ፣ ሻሽና ጨርቅ ነው የምትሸጠው፤ ዱቤው ብዙ ነው። ስሞቹን ሆን ብዬ በአማርኛ አደረግኳቸው፦ ሀብት፣ ዕዳ፣ ገቢ፣ ወጪ። ማታ ሪፖርቱን የምታየው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ባላንስ (የየሂሳቡን ቀሪ የሚያወጣው ትእዛዝ) ስል ቁጥሩ ሁሉ ይመጣል፣ ኢንካምስቴትመንት (የገቢና ወጪ ሪፖርቱ) ስል ግን ርዕሱ ብቻ ወጥቶ ከስሩ ዜሮ ነው። ባላንሱም ቢሆን ገቢን በኔጌቲቭ ያሳያል። በትሪ፣ ማለትም ንዑስ ሂሳቦቹን ከዋናው ስር ደርድሮ ሳየው ደግሞ አንዳንዱ ዱቤ ሀብት ስር ገብቶ ይደመራል፣ አንዳንዱ ለብቻው ተገትሮ ይቆማል። እናቴ «ሸጬ ሸጬ ከዜሮ በታች ገባሁ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሌላው፣ የጥቅምት 29ን እና 30ን ሽያጭ አልቀበልም አለኝ። እስከ 28 ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። አቦ ምንድነው ነገሩ?

(ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል የጻፍኩት ከስልክ ስለሆነ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የምከትባቸው።)

ለገሐሬ፦

አቦ ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? ስሞቹን አሴትስ፣ ላያቢሊቲስ፣ ኢንካም፣ ኤክስፔንስስ በያቸው፣ ፕሮግራሙ ራሱ ያውቃቸዋል። ወይ ኤክሴል ላይ ሥሪውና ተገላገይ። በዚህ ሙቀት ጥቁር ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ምን ይሉታል?

ሸዋ በር፦

ኤክሴሉን ተዪው፣ ስሞቹንም አትንኪያቸው። ለገሐሬ ግን አንድ እውነት ተናግሯል፦ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የእንግሊዝኛዎቹን ስሞች ብቻ ነው። «ገቢ» ብለሽ ስትጽፊለት ስም መሆኑን እንጂ ገቢ መሆኑን አያውቅም። ባላንስ የሂሳቡ ዓይነት ግድ ስለማይሰጠው ሁሉንም ያወጣል፤ ኢንካምስቴትመንት ግን ገቢና ወጪ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው የሚያሳየው የለውም። ስለዚህ ፋይሉ አናት ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ሂሳብ አንድ መስመር ጻፊ፦ አካውንት የሚለው ቃል፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ከዚያ ሁለት ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ፣ ከዚያ ታይፕ ብለሽ ሁለት ነጥብና አንድ ፊደል። ሀብት ኤ፣ ዕዳ ኤል፣ ገቢ አር፣ ወጪ ኤክስ። ከሥር ያሉት ንዑስ ሂሳቦች ከወላጃቸው ይወርሳሉ፣ ደግመሽ አትጽፊም። እዚያው ኢንካምስቴትመንቱ ይሞላል፣ የገቢውንም ምልክት ራሱ ይገለብጠዋል፣ እናትሽም ከዜሮ በታች አትገባም።

ኔጌቲቩ ስህተት አይደለም። እያንዳንዱ ግብይት ተደምሮ ዜሮ መሆን አለበት፤ ካዝና ውስጥ 1500 ብር ሲገባ ከሆነ ቦታ 1500 መውጣት አለበት፣ ያ ቦታ ገቢ ነው። ባላንስ ይህን ሳያስጌጥ እንዳለ ነው የሚያሳይሽ።

ለብቻው የሚቆመው ዱቤ ላይ ግን የምጠረጥረው ኪቦርድሽን ነው። ሂሳብና ንዑስ ሂሳብ የሚለየው የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆነሽ ስትነኪው የእኛው ፡ ይወጣል፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለፕሮግራሙ ግን «ሀብት፡ዱቤ፡ሳቢያን» አንድ ረጅም ስም ነው። አካውንትስ የሚለውን ትእዛዝ ስጪው፣ የሂሳቦቹን ስም በሙሉ ይዘረዝርልሻል፣ እዚያ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ሀብትና ሐብት፣ ዕዳና እዳ ተቀላቅለው እንደሆነም አብረሽ እዪ። ፕሮግራሙ ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቶ ነው የሚያየው፣ እንደኛ በድምፅ አይሄድም።

ዘላቂው መድኃኒት ሂሳቦቹን ሁሉ፣ ንዑሶቹንም ጭምር፣ በአካውንት መስመር ማስመዝገብና ትእዛዝ ስትሰጪ ሰረዝ ኤስ መጨመር ነው። ያኔ ያልተመዘገበ ስም ሲያይ ሪፖርት ማውጣቱን ትቶ መስመሩን ያሳይሻል። ግን ብርንም በኮሞዲቲ መስመር (የገንዘብ ዓይነት በሚመዘገብበት) ማስመዝገብ አለብሽ፣ አለዚያ እሱም ላይ ይጮኻል።

የከፊራዋ፦

ወላሂ ሁለት ነጥቡ ነው! ከስልክ የጻፍኳቸው በሙሉ በእኛው ነጥብ ናቸው። ኢንካምስቴትመንቱም መጣ፣ እናቴ ትርፉን አይታ «ይኼ ነው እንግዲህ» አለች። ግን አካውንትስ ስል «ሀብት:ዱቤ 1500 ብር» የሚባል ሂሳብ አገኘሁ። ብሩ ስሙ ውስጥ ምን ይሠራል? ቀኑስ?

ሸዋ በር፦

በስምና በገንዘቡ መሃል ቢያንስ ሁለት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ስለሚፈቀድ አንድ ብቻ ከተውሽ ገንዘቡንም ስም ያደርገዋል። ክፋቱ ስህተት አለመናገሩ ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ገንዘብ ካለ የጎደለውን ራሱ ሞልቶ ያልፋል። ሰረዝ ኤስ ይህንንም ይይዝልሻል።

ዴቻቱ ማዶ፦

የቀኑን እኔ ልመልስ። 2018-02-30 ብለሽ ነው አይደል የጻፍሽው? ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካላንደር ነው። ሁለተኛ ወር ለእኛ ጥቅምት፣ ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ የ2018 ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ላይ ያልቃል። እምቢ ያለሽ ሁለቱን ቀን ነው፤ የሚያሳስበው ግን ዝም ብሎ የተቀበላቸው ነው። መስከረም 5ን ከዓመታት በፊት ያለ ጃንዋሪ 5 አድርጎ ይዞታል። «የዚህ ወር» ብትይው ምንም አያመጣም፣ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም።

ቀኑን በፈረንጅ ጻፊ፣ የእኛውን ከጎኑ መግለጫው ላይ አድርጊው፣ «ጥቅምት 30 የሻሽ ሽያጭ» ብለሽ። ወሩን ስትፈልጊ በሰረዝ ቢ መነሻውን፣ በሰረዝ ኢ መድረሻውን ስጪ። የ2018 ጥቅምት ከ2025-10-11 እስከ 2025-11-10 ነው። መድረሻው ቀን ራሱ አይቆጠርም፤ ኖቬምበር 10 ኅዳር 1 ስለሆነ ነው እሱን የምትሰጪው። ለበጀት ዓመቱም እንዲሁ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ካልሽ ከ2025-07-08 እስከ 2026-07-08። ሰረዝ ካፒታል ኤምን ግን ተጠንቀቂ፣ ወር በወር የሚከፍለው በፈረንጅ ወር ነው።

ለገሐሬ፦

እሺ፣ ልመልሰው ቃሌን። ግን ሠሪው ነገ ቢተወውስ?

ሸዋ በር፦

አባቱ ሌጀር የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ጆን ዊግሊ በፈረንጆቹ 2003 የጀመረው። ኤችሌጀርን ሳይመን ማይክል በ2007 ሀስኬል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው፣ እስካሁንም ይሠራበታል። ቢተወው እንኳ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል።

የከፊራዋ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማታ ካዝናውን ስትቆጥሩ የካዝና መስመር ላይ 0 ብር ጻፊና እኩል ምልክት አድርገሽ የቆጠራችሁትን አስከትዪ፣ ለምሳሌ 0 ብር = 4200 ብር። ፋይሉ ካልተስማማ ልዩነቱን ይነግርሻል። ለዱቤ ደግሞ ሬጅስተር ብለሽ የደንበኛዋን ሂሳብ ስም ስጪው፤ የወሰደችውና የከፈለችው በቀን ቅደም ተከተል ይመጣል፣ ዳር ላይ ቀሪው። ደንበኛዋ «ከፍዬ ነበር» ስትል እሱን ነው የምታሳዪያት።

የከፊራዋ፦

እሱን ለእናቴ ዛሬውኑ አትሜ እሰጣታለሁ። ቀኖቹን ልቀይር ልሂድ፣ ብዙ ናቸው።