«ሎንሰም»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የድሮ የፎክ፣ የካንትሪና የሮክ ኤንድ ሮል ዘፈኖች ነፍሴ ናቸው። ሦስቱም ውስጥ «ሎንሰም» (lonesome) የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አትጠፋም። መዝገበ ቃላት «ብቸኛ» ብሎ ያልፋታል። «ብቸኛ» ግን ቀዘቀዘብኝ። «ትዝታ» ብንላትስ?

መልስ፦
እህቴ፣ «ብቸኛ» እንደማይበቃ እስማማለሁ። ትዝታ ግን አትሆንም ባይ ነኝ። ትዝታ የሚታወስ ሰው ወይም የሚታወስ ዘመን ይፈልጋል። ሎንሰም ማንም ሳይኖር ይኖራል። መንገዱ ሎንሰም ይሆናል፤ የባቡር ጡሩንባም ሎንሰም ይሆናል። የካንትሪ ዘፋኞቹ ካርተር ፋሚሊ በ1930 (እ.ኤ.አ.) በሸክላ ያስቀዱት መንፈሳዊ መዝሙር ላይ ደግሞ ሎንሰም የተባለው ሸለቆው ነው። ያንን ሸለቆ ሁሉም ሰው ለብቻው ነው የሚሻገረው።

የካንትሪ ዘፋኙን የሃንክ ዊሊያምስን የ1949ኙን «አይም ሶ ሎንሰም አይ ኩድ ክራይ» ልብ ብለሽ ስሚው። ሲቀዳው 26 ዓመት እንኳ አልሞላውም። የወጣውም በሌላ ዘፈን ሸክላ ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ በሌሊት የምትዘምር አንዲት ወፍ ትጮሃለች፤ መብረር እስኪያቅታት ከፍቷታል። የእኩለ ሌሊቱ ባቡር ዝግ ባለ ድምፅ ያለቅሳል። ጨረቃ ደመና ውስጥ ገብታ ፊቷን ትሸሽጋለች። ቅጠል ይጠወልጋል፣ ኮከብ ይወረወራል። ማን እንደናፈቀው እስካሁን አልነገረንም! መጨረሻው ስንኝ ላይ ብቻ «የት ትሆኚ?» የምትል ሐሳብ ጣል ያደርጋል። እስከዚያ ድረስ የከፋው ሌሊቱ ራሱ ነው። የኛ ትዝታ ዘፋኝ ግን ገና ሲጀምር ትዝታን በስሙ ይጠራዋል፣ ያዋየዋል።

ስለዚህ አንድ ቃል ከመፈለግ እንደ ቦታው እንተርጉመው። መንገድና ሸለቆ «ጭር ያለ» ይባል። ድምፅ ከሆነ «ሆድ የሚያባባ»፣ ሰው ከሆነ «ሆድ የባሰው»። የአሜሪካዋን የኬንታኪ ግዛት ተራራ ሰዎችንና የብሉግራስ (የገጠር ባለ ክር መሣሪያ ሙዚቃ) ዘፋኙን የቢል ሞንሮን አዘፋፈን «ሃይ ሎንሰም» ይሉታል። እኔ «ሆድ የሚያባባ ቀጭን ድምፅ» እለው ነበር። የሃንክ አዝማች ደግሞ «ሆድ ብሶኝ አልቅስ አልቅስ ይለኛል» ቢባል ስሜቱ አይጎድልበትም።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ፣ «አልቅስ አልቅስ ይለኛል» አንጀቴን በላው። ኤልቪስም በ1973 የሃዋይ ኮንሰርቱ ይህንኑ ዘፈን ሊዘፍን ሲል፣ ከሰማኋቸው ሁሉ ምናልባት እጅግ አሳዛኙ ይህ ነው ብሎ ነበር። የራሱን የ1960ውን «አር ዩ ሎንሰም ቱናይት»ስ? «ሆድ ብሶሻል ወይ?» ልበለው?

መልስ፦
እዚያ ላይ አይሆንም። ሆድ መባስ ትንሽ የቅያሜ ቃና አለው። እሱ የሚፈልገው ናፍቆቷን ነው እንጂ ቅያሜዋን አይደለም። ዘፈኑ ውስጥ የሳሎኑ ወንበሮች ባዶ ሆነው ይታዩሽ እንደሆን እያለ ይጠይቃታል፤ ደጇን እያየች እሱ እዚያ የቆመ ይመስላት እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋል። እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ቤቱ ናቸው። እኔ ብሆን «ዛሬ ማታ ቤቱ ጭር አለብሽ ወይ?» እለዋለሁ።